ስልሳ አንድ ከመቶ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወልደጻድቅ ሰይፈ ሚካኤል፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጅህ ዳጊስ እንዴት ናት? የሊዮን ብርድ ለቀቅ አደረጋችሁ? እኔ ከነሙቀቱና ከነአቧራው ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ሰላምታዬ እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ በታች ያለው ቁጣ ነው፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

በስልክ እንዳልነግርህ ሁለታችንም እንጮሃለን፣ ከዚያ አንዳችን በሌላችን ጆሮ ላይ ስልኩን ይዘጋል። አባትህ ‹‹በሽቦ የመጣ ቃል ካልተጻፈ እንዳልመጣ ነው›› ይል ነበር። አርባ ዓመት በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ሲያንኳኳ የኖረ ሰው ያለውን ሰምቼ፣ እንደ ጥንቱ ደብዳቤ ጽፌ በኢሜይል ሰድጄልሃለሁ።

እንግዲህ ስማኝ። አጎቴ፣ አባትህ፣ ካረፈ ግንቦት ላይ ሰባት ዓመት ይሞላዋል። ተዝካሩን እሑድ ግንቦት 24 ላወጣ ወስኛለሁ። በዚያው ዕለት ማስታወሻውን በገዛ ሱቄ ተይቤ፣ አትሜ፣ ጠርዤ ለወዳጆቹ አድላለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ለማን ቃል እንደገባሁ ታውቃለህ? ለዓዋሌ። አብሮት በሸሚንደፈር፣ በባቡር ድርጅቱ፣ ፍሬን ሲይዝ ያረጀው ዓዋሌ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በየጠዋቱ ዱላውን እያንኳኳ መጥቶ ሱቄ በር ላይ ይቆምና ‹‹የሰይፉ መጽሐፍ የት ጣቢያ ደረሰ?›› ይለኛል። ገና ሳይነሣ የት ይደርሳል! ለአርባው መጥተህ ስትመለስ ማስታወሻውን የጻፈበትን ያንን ትልቅ የባቡር መመዝገቢያ ደብተር ‹‹እዚህ ምስጥ ይበላዋል›› ብለህ በሻንጣህ ይዘኸው ሄድክ። ስድስት ዓመት ለመንኩህ። ከስንት ልመና በኋላ ‹‹በፎቶ ተነሥቶ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጧል፤ ሊንኩ ይኸው፣ ጠቅ አድርጊው›› አልከኝ።

ጠቅ አድርጊው! ኧረ አቦ፣ አራት ነጥብ ሦስት ጊጋ እዚህ አገር በጠቅታ አይመጣም። ሦስት መቶ ሜጋ ሲደርስ ኔትወርኩ ይሄዳል፤ ሲመለስ ከዜሮ ይጀምራል። ደንበኛ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ወረቀቱን ይዞ ቆሞ፣ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ከዜሮ ስጀምር ዋልኩ። በመጨረሻ ከጎኔ ስልክና ቻርጀር የሚሸጠው ዱዓሌ ገብቶ አየኝና ሳቀብኝ። ‹‹ኮምፒዩተር ቤት ከፍተሽ ይህን የሚያህል ፋይል በባዶ ብራውዘር ታወርጃለሽ? ዋላሂ ታሳፍሪያለሽ!›› ብሎ ዳውንሎድ ማናጀር በፍላሽ አምጥቶ ጫነልኝ። ፋይሉን ስምንት ቦታ ይቆራርጠዋል፣ ስምንቱንም በአንድ ጊዜ ይጎትታል፣ መብራት ቢጠፋም ያቆመበትን ያውቃል፤ ሲመጣ ከዚያው ይቀጥላል። ‹‹እንዳንቺ ነው፤ ቂሙን አይረሳም›› አለኝ ዱዓሌ።

ስምንቱን አረንጓዴ መስመር እያየሁ አራት ቀን ሰነበትኩ። ትናንት ስልሳ አንድ ከመቶ ደረሰልኝ። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው ‹‹ፋይሉ በቦታው የለም›› የሚል ቀይ ጽሑፍ ጠበቀኝ። አንሥተኸዋል! ሳትነግረኝ፣ ‹‹የት ደረሰሽ?›› እንኳ ሳትል አንሥተኸዋል! ሰው እየጎተተ ገመድ ይቆረጥበታል? ምን ብታስብ ነው?

መልስህን እጠብቃለሁ። እንደ ልማድህ ወር አታስቆጥረኝ።

ከአንተ የተሻለች የአክስትህ ልጅ፣
ዝናሽ

---

ሊዮን
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት እኅቴ ለዝናሽ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔም ልጄም በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን። ቁጣሽ ደርሶኛል። በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም እቆጣ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብተሩን ፎቶ ያነሣችው ዳጊ ናት። ትምህርት ቤቷ ባለው ትልቅ ስካነር ከዳር እስከ ዳር ገልጣ አንሥታ፣ ሁሉንም በአንድ ዚፕ አስራ ሊንኩን ሰጠችኝ፤ እኔም ሳላየው ለአንቺ አስተላለፍኩት። እንደምታውቂው እሷ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። ኋላ ከፍቼ ስመለከተው ግማሹ ገጽ ተዘቅዝቋል፣ የፋይሎቹም ስም ቅደም ተከተል የለውም። ስለዚህ ከኢንተርኔቱ ላይ አነሣሁት። የፋይል ስም በጅምላ በሚቀይር ፕሮግራም ከአንድ ጀምሬ በተርታ ቁጥር ሰጠኋቸው፣ የተዘቀዘቀውንም አቃናሁ። አሁን አራት ነጥብ አንድ ጊጋ ሆኗል። አዲሱ ሊንክ ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ አለ። ሠላሳ ቀን ይቆያል።

በከተማው ቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተሮችን ስጠብቅ ሃያ ዓመት ሆኖኛልና ምክሬን ስሚኝ። ዱዓሌ የጫነልሽ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም ከሆነ ቫይረስ ይዞ ይገባልና አውጪው፤ በነፃ የሚሰጡ ደኅና ደኅና ዳውንሎድ ማናጀሮች ሞልተዋል። መስመርሽ ደካማ ስለሆነ ስምንት ቦታ የሚቆርጠውን ወደ አራት ዝቅ አድርጊው። ሲያልቅ ዚፑን ከመፍታትሽ በፊት መጉደል አለመጉደሉን በሚፈትሽ ፕሮግራም ፈትሺው። የድሮውን ግማሽ ፋይል ግን አጥፊው። የማይከፈት ነገር ነው፤ ዲስክሽን ከመሙላት በቀር ጥቅም የለውም። ከጊዜያዊ ፎልደሩም ጭምር አጥፊው።

ለኢንተርኔቱ የሚሆን ነገር ልላክ ወይ? ሳትደብቂ ንገሪኝ። ለአቶ ዓዋሌ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

የድሮውን ማጥፋትሽን አትርሺ።

አክባሪ ወንድምሽ፣
ወልደጻድቅ

---

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወልደጻድቅ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደኅና ነን። የምትልከውን ለራስህ አድርገው፤ እኔ ከአንተ የፈለግሁት ገንዘብ አይደለም።

ፋይልህ ወረደ። አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። መብራት ዘጠኝ ጊዜ ጠፋ፤ ዘጠኝ ጊዜም ካቆመበት ቀጠለ። የመጨረሻዋ መስመር ስትሞላ ዱዓሌ ከሱቁ ሮጦ መጥቶ አጨበጨበልኝ። ዓዋሌም ‹‹ገባ በይኛ!›› ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ዚፑን ፈትቼ በዚያው ዕለት መተየብ ጀመርኩ። የአጎቴን እጅ ጽሕፈት ሳይ ስክሪኑን በጣቴ ዳሰስኩት፤ አልዋሽህም። ቴሌግራፍ መቀበል እንዳስለመደው እያንዳንዱ ፊደል ለየብቻው ቆሟል። ያ ደብተር አጎቴ ጡረታ ሲወጣ ከጣቢያው ባዶውን ይዞት የወጣው ነውና ዓምዶቹ አሁንም አሉ፦ የደረሰበት ሰዓት፣ የተነሣበት ሰዓት፣ ምክንያት። ሰውዬው ጭውውቱን ሁሉ በዓምድ ነው የሚጽፈው!

አሁን ግን ወደ አንተ ጉድ ልምጣ።

ፋይሎችህ በተርታ ተቆጥረዋል፤ አንድም ቁጥር አልጎደለም። ነገር ግን ወልዴ፣ የባቡር መመዝገቢያ ደብተር ገጹ ከማተሚያ ቤት ተቆጥሮ ነው የሚመጣው። ቀኝ ጥግ ላይ በቀይ ታትሟል፤ ሠራተኛ ገጽ ገንጥሎ እንዳይሰርቅ ነው። የጣቢያ ልጅ ሆነህ ይህን ረሳህ? ከ87 ቀጥሎ 96 ይላል። ስምንት ገጽ የት ገባ?

ገጽ 87 መጨረሻው ላይ ምን እንደሚል ልጻፍልህ። ‹‹ጥቅምት 5 ቀን 2008። ከአልጋ መውረድ ካቃተኝ ሦስት ወር ሆነኝ። ሰው ያለ ሥራ አይኖርም። ባቡር ባይኖርም ስልክ አለ። ከዛሬ ጀምሮ የልጄን የስልክ ጥሪ እንደ ባቡር›› ብሎ ገጹ ያልቃል። ገጽ 96 ደግሞ ‹‹የስቅለት ዕለት 2010። ሰውነቴ ከብዷል›› ብሎ ይጀምራል። በመሃል ሁለት ዓመት ተኩል ጠፍቷል።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ! ምን እንደጻፈ አውቃለሁ። ዝምታህን መዝግቦታል። በዚያ ሁለት ዓመት ተኩል አባትህን ስንት ጊዜ አናገርከው? ደወልኩ ትል ይሆናል። ‹‹ተኝቷል›› ሲባል ‹‹እሺ በቃ፣ ሌላ ቀን›› ብሎ የሚዘጋ ልጅ ደወለ ይባላል? በቀን ሦስት ጊዜ ያገላበጥኩት እኔ። ጀርባው እንዳይቆስል ቅባት የቀባሁት እኔ። በአርባ ዲግሪ ሙቀት በእርጥብ ፎጣ ስጠቀልለው የኖርኩት እኔ። አንተ በሻንጣ ደብተር ይዘህ ሄድክ፤ አሁን ደግሞ ከደብተሩ ላይ ጥፋትህን ቆርጠህ ጣልክ። የሞተ ሰው አፍ ይታፈናል ወይ?

ስምንቱን ገጽ ላክ። ሁሉንም። በመንገድ ጠፋ እንዳትለኝ።

ዝናሽ

---

ሊዮን
ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለዝናሽ፣

ሰላምና ጤና ከአንቺ ጋር ይሁን። ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ስለ ገጾቹ የጠየቅሽው እውነት ነው፤ የሉም። ውኃ ነክቷቸው ቀለሙ ተጨማልቋል፣ አይነበቡም። ለመጽሐፉ የሚጨምሩት ነገር የለም። ያለውን አትሚው። አባቴ ስለ ጣቢያው፣ ስለ ጎርፉ ዘመን፣ ስለ ባልደረቦቹ የጻፈው ለአንድ መጽሐፍ ከበቂ በላይ ነው።

ስለ እኔ የተናገርሽውን ሁሉ ተቀብያለሁ። አልከራከርም።

አንድ ነገር ብቻ። የድሮውን ግማሽ ፋይል አጥፍተሽዋል ወይ? ዲስኩ እንዳይጨናነቅብሽ ብዬ ነው።

ወልደጻድቅ

---

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወልደጻድቅ ሆይ፣

እግዜር ይይልህ! ሌላ ሰላምታ የለኝም።

ውኃ? ገጽ 87 እንደ ዓሣ አጥንት ደረቅ ነው፤ ገጽ 96ም ደረቅ ነው። መሃላቸው ብቻውን ታጠበ? ደቻቱ ወንዝ ሲሞላ እንኳ ቤት መርጦ አይገባም። ውሸት ካማረህ ቢያንስ ለጣቢያ ሰው ልጅነትህ የሚመጥን ውሸት ፈልግ።

ደግሞስ ለዲስኬ ማሰብ የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው? በየደብዳቤህ ‹‹የድሮውን አጥፊው፣ አጥፊው››። ኮምፒዩተሬ ላይ የስንት ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የስንት ቤት የሠርግ ጥሪ ተከምሮ ሲኖር አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። ሰው አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ጣለው ካለህ ከመጣልህ በፊት ማየት ነው።

አልጣልኩትም። ዱዓሌን ጠርቼ ‹‹ይህ ግማሹ ፋይል ይከፈታል?›› አልኩት። ጊዜያዊ ፎልደሩን ከፈተና ስምንቱን ቁርጥራጭ አገኘው፤ ያ ቂመኛ ፕሮግራም ስልሳ አንዱን ከመቶ ሳይነካ አስቀምጦታል። ‹‹የተበላሸ ዚፕ የሚጠግን ፕሮግራም አለኝ›› አለኝ ዱዓሌ። ‹‹የጎደለውን አያመጣም። ሙሉ ሆኖ የወረደውን ፎቶ ግን አንድ በአንድ ለቅሞ ያወጣዋል። መሃሉ ወርዶ ከሆነ ታገኚዋለሽ።›› ነገ ቁርስ በልቶ ይመጣል።

ስለዚህ እወቀው። ገጾቹ ከወጡ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ነው የማደርጋቸው። በተዝካሩ ዕለት በዓዋሌና በባቡር ጡረተኞቹ ፊት፣ በአባትህ የልቅሶ ወንበሮች ላይ በተቀመጡት ሁሉ ፊት ቆሜ አነበዋለሁ። ‹‹ልጁ አልደወለም፣ ልጁ አልጠየቀም›› የሚለውን እያንዳንዱን እሑድ እየቆጠርኩ አነበዋለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ዝናሽ

---

ሊዮን
ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በዚያው ዕለት

ዝናሽ፣

አትክፈቺው።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ሥራ ላይ ቆሜ ነው። እለምንሻለሁ፤ ዱዓሌን ተመለስ በይው። ‹‹ወልደጻድቅ ገጾቹን ደበቀ፣ ነውሩን ሸሸገ›› ብለሽ በሕዝብ ፊት ተናገሪ፤ ከፈለግሽ በመጽሐፉ ላይም አትሚው። ስሜን እፈርምበታለሁ። ‹‹አባቱን ያልጠየቀ ልጅ›› በይኝ፤ አንድም ቃል አልመልስም። ምን ቀረሽ ከዚህ በላይ?

አንቺ ሴት ግን መቼ ነው ሰው ‹‹ተይ›› ሲልሽ የምትተዪው? በልጅነታችንም እንዲህ ነበርሽ። የተዘጋ በር ካየሽ ካላንኳኳሽ፣ የተሸፈነ ድስት ካየሽ ካልከፈትሽ እንቅልፍ አይወስድሽም። ሰባት ዓመት ዝም ብያለሁ! ሰባት ዓመት ድሬዳዋ ያልረገጥኩት ለምን ይመስልሻል? ሰባት ዓመት የስድብሽን ስልክ አንሥቼ ‹‹እሺ፣ እሺ›› ስል ኖሬአለሁ። ይህን የማደርገው ለራሴ ከመሰለሽ ይምሰልሽ። ብቻ አትክፈቺው።

ወልደጻድቅ

---

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወልደጻድቅ ሰይፈ ሚካኤል፣

እንደምን ከርመሃል? ዳጊ ደኅና ናት? በዚህ ጊዜ የዘገየሁት እኔ ነኝ።

ከፈትኩት።

ከስምንቱ ገጽ 88፣ 89፣ 91፣ 92 እና 95 ሙሉ ሆነው ወጡ። 93 ከወገቡ በታች ግራጫ ነው። 90 እና 94 የሉም። ዱዓሌ ‹‹ይኸው፣ ደስ ይበልሽ!›› ብሎ ሄደ። አማርኛ ይናገራል እንጂ የአጎቴን እጅ ጽሕፈት አያነብም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን አነበብኩ። አንብቤ ሱቁን ዘጋሁ።

ጮክ ብዬ አነበዋለሁ ያልኩት ይኸው፦

‹‹እሑድ ጥቅምት 7 ቀን 2008። 5 ሰዓት ከ10፣ ወልዴ ደወለ። ዝናሽ ስልኩን አመጣችልኝ። 6 ደቂቃ።

እሑድ ጥቅምት 28። 5 ሰዓት ከ10፣ ደወለ። አልደረሰም። ምክንያት፦ ዝናሽ ‹ወልዴ፣ ተኝቷል› አለችው። አልተኛሁም ነበር።

እሑድ ኅዳር 5። 5 ሰዓት ከ12፣ ደወለ። አልደረሰም። ምክንያት፦ ተኝቷል። አልተኛሁም ነበር።

እሑድ መስከረም 1 ቀን 2009፣ የዘመን መለወጫ። 4 ሰዓት ከ50፣ ደወለ። ጢሜን ተላጭቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ትራስ ተደግፌ ተቀምጬ ነበር። አልደረሰም። ምክንያት፦ ተኝቷል።››

ደወሉ ይሰማው ነበር። በሱቁና በክፍሉ መካከል ያለው ግድግዳ እኮ ስስ የኮምፔንሳቶ እንጨት ነው! እንኳን ደወል፣ እኔ ወረቀት ስገለብጥ ይሰማዋል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ማወቅ አልፈለግሁም እንጂ። በወጡልኝ ገጾች ላይ ቆጠርኩት። ስልሳ ሦስት ጊዜ ደውለሃል። የደረሰው አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ነው። የእኔ ‹‹ተኝቷል›› አርባ አራት ጊዜ ‹‹ምክንያት›› በሚለው ዓምድ ሥር ተጽፏል።

እሑድ የተማሪ ጽሑፍ የሚበዛበት ቀን ነው፣ ደንበኛ ቆሞብኝ ነበር ብዬ ልነግርህ እችላለሁ። እሱም እውነት ነው። ካናገርከው በኋላ አልቅሶ ምሳ እምቢ ይል ነበርም ልል እችላለሁ፤ ያም እውነት ነው። ግን እውነቱ ሌላ ነው፤ በቴሌግራፍ ቢሆን ሁለት ቃል ይበቃዋል። ቀናሁብህ፣ ወልዴ። አንተ ስድስት ደቂቃ ታወራዋለህ፤ እሱ ሳምንቱን ሙሉ ‹‹ወልዴ እንዲህ አለኝ፣ ወልዴ እንዲያ አለኝ›› ይላል። ዓዋሌ ሲመጣ የሚያወራለት ስለ አንተ ነው። እኔ ሥሩን አጥቤ፣ አገላብጬ፣ አጉርሼ ‹‹ልጄ ደወለ?›› ይለኛል። አንድ እሑድ ‹‹ተኝቷል›› አልኩህ። በዚያ ሳምንት ስምህ አልተነሣም፤ ቤቱ ለእኔ ሆነ። ከዚያ አፌ ለመደው። ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም።

ከሁሉም የገደለኝን አልጻፍኩልህም። አንተ አንብበኸዋል፤ ግን በእኔ እጅ ይጻፍ። ገጽ 95። ‹‹እሑድ ጥር 6 ቀን 2010። ደወለ። ‹ስልኩን አምጪልኝ› ብዬ ልጮህ አሰብኩና ተውኩት። ተቆጥታ ብትሄድስ? ማን ያገላብጠኛል? ደወሉን መስማቴ ይበቃኛል፤ ልጄ ደኅና ነው ማለት ነው።››

ፈርቶኝ ነበር። ያ አርባ ዓመት ሙሉ ባቡር ሲያቆምና ሲያስነሣ የኖረ ሰውዬ እኔን ፈርቶ ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛልኝ ነበር! ሻይ ይዤ ስገባ ‹‹እንቅልፌን ጠገብኩ፣ እግዜር ይስጥሽ›› ይለኝ ነበር።

አሁን በአንተ ልቆጣ፤ ቁጣዬ አላለቀም። ማን ማረኝ አለህ? ሰባት ዓመት እኔ በየሰዉ ፊት ‹‹ያስታመምኩት እኔ ነኝ›› እያልኩ ደረቴን ስነፋ፣ አንተ እዚያ ደብተሩን ታቅፈህ ስታዝንልኝ ኖርክ! በዚያ ዓመት ብትነግረኝ ሰድቤህ፣ አልቅሼ፣ መቃብሩ ላይ ተደፍቼ ይወጣልኝ ነበር። ዝምታህ ምሕረት አይደለም፤ ቅጣት ነው። ደግሞስ አንተ! አርባ አራት እሑድ ረፋድ ላይ የሚተኛ ሰው የት አይተህ ታውቃለህ? አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ‹‹ቀስቅሺው›› ብትለኝ ምን ነበረበት? ‹‹እሺ›› ብለህ ዘጋህ። አርባ አራት ጊዜ ‹‹እሺ›› ብለህ ዘጋህ። ሁለታችንም በዚያ ዓምድ ውስጥ ነን፤ እኔን ብቻ ቆርጠህ ልታወጣ አትችልም።

ለዓዋሌ ነገርኩት። ሱቄ በር ላይ ቆሞ እንደ ልማዱ ‹‹የት ጣቢያ ደረሰ?›› ሲለኝ አስቀመጥኩትና ገጾቹን አነበብኩለት። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማኝ። ሲያልቅ ‹‹አውቃለሁ›› አለኝ። ‹‹ሰይፉ ነግሮኛል።››

‹‹ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?›› አልኩት፤ ጮህኩበት።

‹‹ምን ልበልሽ አቦ? እኔ መጥቼ ሻይ ጠጥቼ እሄዳለሁ። የምታገላብጪው አንቺ ነበርሽ›› አለኝ።

መጽሐፉን ተይቤ ጨርሻለሁ። ከ87 ቀጥሎ 88 አለ። የወጡትን ገጾች አንድ ፊደል ሳልነካ አስገብቻቸዋለሁ፤ ስሜንም አልቀየርኩም። በተዝካሩ ዕለት አነበዋለሁ ብዬ ፎክሬብሃለሁና ቆሜ የማነበው እኔ ነኝ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ፤ የሚለውን ይበል። 90፣ 93 እና 94 ብቻ ቀርተውኛል። ምን እንደሚሉ አልጠይቅህም፤ ላክልኝ። ትንሽ ፋይል ነው፤ መስመሩም ሰሞኑን ደኅና ነው። ሊንኩን ግን ወርዶልኛል እስክልህ እንዳታነሣው።

ግንቦት 24 እሑድ ነው። የቤቱን ስልክ ከሱቁ ነቅዬ ሽቦውን አስረዝሜ እሱ ክፍል አስገብቼዋለሁ፤ የአልጋው ራስጌ የነበረው ቦታ ላይ ነው። በአምስት ሰዓት ከአሥር ደውል። ዓዋሌ ያነሣዋል። እኔ አላነሣም።

የአክስትህ ልጅ፣
ዝናሽ